ዓለምሸትና የሰው አገር ድንበር

ዓለምሸት ቴፒ ዳር ባለ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ የሴቶቹ ተቆጣጣሪ ናት። ሸኮ ተወልዳ እዚያው ያገባች፣ ቀልድ የማታበዛ፣ ስትቆጣ ድምጿን ከፍ ሳይሆን ዝቅ የምታደርግ ሴት ናት። ባለፈው የለቀማ ወራት የደረሰባትን ጣቢያው ውስጥ የማያውቅ የለም።

ባሏ ሳህሉ ሃምሳ አለቃ ነው። ሰላም አስከባሪ ሆኖ በሁለት ጎረቤት አገሮች መካከል ወዳለ ድንበር ተልኮ ነበር። አንደኛው አገር ትልቅ ነው፤ ጦሩም እንደዚያው። ሌላው ከእሱ ተለይቶ በቅርቡ ነጻ የወጣ፣ ሕዝቡ ጥቂት፣ ጦሩም ይህ ነው የማይባል ትንሽ አገር ነው። ሁለቱ በሌሎች አገሮች ምስክርነት የሰላም ስምምነት ተፈራርመዋል። በስምምነቱ መሠረት በድንበሩ ግራና ቀኝ የታጠቀ ሰው የማይገባበት መሬት ተከልሏል። እሱን የሚጠብቁት እነ ሳህሉ ናቸው።

ዓለምሸት ነገሩ አይጥማትም ነበር። "የሰው አገር ድንበር ለእኛ ምናችን ነው?" ትለዋለች በስልክ። እሱ ይስቅና ስለ ቡናው ይጠይቃታል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሰማዩ ጠቁሮ፣ የማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና ዝናብ ሳይቀድማቸው ሸራ እያለበሱ ሳለ ሳህሉ ደወለ።

"ዓለሜ፣ ስሚኝ። ትንሽ ጊዜ ላልደውል እችላለሁ።" ከኋላው ሞተር ያጓራል፤ ሰው በማታውቀው ቋንቋ ይጣራል።

"ምን ሆናችሁ?"

"ታጣቂዎች ክልሉን ጥሰው ገብተዋል። መንገዱን ዘግተንባቸው..."

ተኩስ ሰማች። ስልኩ ተቋረጠ።

መልሳ ስትደውል "የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም" የሚል ድምፅ ብቻ ነው የመጣላት። ዝናቡ ወርዶ ቡናው ሲረጥብ ስልኩን እንደያዘች ቆማ ታያለች። የሥራ ጓደኛዋ ሆሳዕና ክንዷን ይዛ መጋዘን አስገባቻት።

በማግስቱ የሳህሉ ታላቅ ወንድም አዲሱ ከማሻ ከተፍ አለ። "አላልኩም?" አለ ገና ሳይቀመጥ። "ወንድሜ ለማያውቀው አገር ሊሞት ነው! ለወረቀት! ወረቀት ጥይት ያስቆማል?"

ራሷ ስትለው የኖረችው ነገር ነው። ከሌላ ሰው አፍ ስትሰማው ግን አላስቀመጣትም። ነጠላዋን አንሥታ በሚኒባስ ሚዛን ተፈሪ ሄደች። እዚያ ሻለቃ ብርሃነመስቀል የሚባሉ ጡረተኛ አሉ፤ በዚያው ድንበር ያገለገሉ፣ ሳህሉንም የሚያውቁ ሰው ናቸው።

"ሻለቃ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ይመጣል?"

"አላውቅም ልጄ። ለማጽናናት ብዬ አልዋሽሽም።"

"ታዲያ ያ ስምምነት ምን ሊያደርግለት ነው?"

ሻለቃው ወንበራቸውን አስጠጉ። "ቅኝት ሲወጣ ከሁለቱም አገር ታዛቢ መኮንን አብሮ አለ። ታጣቂ ሲገባ 'አልገባንም' ብሎ መካድ የለም፤ የራሳቸው ሰው አይቶታል። ያ ትንሽ አገር ብቻውን ቢጮህ ማን ይሰማዋል? አሁን ግን ምስክር ሆነው የፈረሙት አገሮች ሁሉ 'ምን ሆነ?' ብለው ይጠይቃሉ። ጉልበተኛ ይህን ይፈራል።"

"ካልፈራስ?"

ሻለቃው መሬት መሬቱን አዩ። "ካልፈራ መሐል ላይ የቆመው ባልሽ ነው።"

ተመልሳ ሥራዋን ቀጠለች። ስልክ በጮኸ ቁጥር ጣቢያው ሁሉ ጸጥ ይላል። ሴቶቹ በምሳ ሰዓት ተሰብስበው ይጸልያሉ። አዲሱ ቤቷ ሰንብቶ፣ በየቀኑ ጣቢያው በር ላይ መጥቶ ይቆማል።

በመጨረሻ ከማታውቀው ቁጥር ተደወለ። አዲሱ አጠገቧ ነበር።

"ዓለሜ፣ አለሁ።"

አዲሱም እንዲሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረገች። እሱ ቀጠለ። ታጣቂዎቹ በጭነት መኪና መጥተው መንገዱ ይከፈት አሉ። እነ ሳህሉ መኪኖቻቸውን አግድም አቁመው እንቢ አሉ። ከፈለኝ የሚባል ጓደኛቸው እግሩን ተመታ። ከኋላቸው ትምህርት ቤት ውስጥ የተጠለለ አንድ መንደር ሙሉ ሕዝብ ነበር።

"ከዚያ የትልቁ አገር ታዛቢ ባዶ እጁን ወደ ገዛ ወገኖቹ ሄደ" አላት። "'ይህ መሬት የእኛ አይደለም፤ የፈረምነው እኛ ነን። መግባታችሁን ሪፖርት አድርጌያለሁ' አላቸው። ይገድሉታል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።"

"ገደሉት?"

"የለም። ግን ወዲያው አልሄዱም። አፈሙዝ ለአፈሙዝ ተፋጠን ሰነበትን። መስካሪዎቹ አገሮች የትልቁን አገር መንግሥት ወጥረው ያዙት መሰለኝ፣ በኋላ መኪኖቹ ዞሩ። ገበሬዎቹ አሁን ማሽላቸውን ሊያጭዱ ወጥተዋል። ወደ ቤት መሄድ የሚፈልግ ይሂድ ተብሏል። ና ካልሽኝ እመጣለሁ። ሰው ግን ያንሰናል።"

አዲሱ ሰምቷል። በእጁ "ና በይው" እያለ ይጠቅሳታል።

ዓለምሸት ድምጿ ዝቅ አለ። "ብትመጣ ያ መንገድ ላይ ማን ይቆማል?"

"እንጃ።"

"እንግዲያስ ተራህን ጨርሰህ ና። ድምፅህን ግን አታጥፋብኝ።"

አዲሱ ኮቱን አንሥቶ ደኅና ሁኚ ሳይላት ወጣ።

ሳህሉ ጊዜውን ጨርሶ ከስቶና ጠቁሮ ተመለሰ። እሱ እስኪመጣ ታጣቂዎች ድንበሩን ዳግም ሞክረውታል፤ ዳግምም ተመልሰዋል። ለሦስተኛ ጊዜ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ የለም። አዲሱ ወንድሙን አቅፎ አልቅሷል፤ ከእሷ ጋር ግን እስካሁን ከሰላምታ አያልፍም። አትቀየመውም።

"ቢሞትብኝ ኖሮ ያቺን 'ተራህን ጨርሰህ ና' ያልኩትን ቃል እንዴት እሸከማት ነበር?" ትላለች አንዳንዴ ለሆሳዕና። መልስ ሳትጠብቅም ወደ ሥራዋ ትዞራለች።