አክስቴ ሽሮ ሜዳን ከላይ ያየችበት ቅዳሜ

ቅዳሜ ዕለት እንጦጦ ላይ፣ በድሮው ቤተ መንግሥት የነበርነውን ሰዎች አንድ በአንድ ልጥራ። አክስቴ አማረች፤ ሽሮ ሜዳ ነጠላና ጋቢ ስትሸጥ የኖረች፣ እኔንም ያሳደገችኝ። ልጇ ሰላም፤ ጳውሎስ አካባቢ ካፌ ውስጥ የምትሠራው። ጋሽ ሽፈራው፤ ጎረቤታችን፣ ባለ ላዳው። ዮናስና ሜሮን፤ ከሐዋሳ የመጡ አዲስ ተጋቢዎች፣ እዚያው ቲኬት መቁረጫው ላይ የተዋወቅናቸው። አስጎብኚው ኤርሚያስ። አባባ ተክሌ፤ ቁልፍ ያዡ፣ ከበሩ ውጭ የቀሩት። እና እኔ፣ በረከት፣ ቤት ውስጥ ቤኪ የሚሉኝ። እስከማውቀው ድረስ ሌላ ሰው አልነበረም።

የወጣነው በአክስቴ ዓይን ምክንያት ነው። የዓይን ግፊት የግራ ዓይኗን ከወሰደባት ቆይቷል። በቀኙም የምታየው መሐል መሐሉን ብቻ ነው፤ በቁልፍ ቀዳዳ አጮልቆ እንደሚያይ ሰው፣ እሱም ብርሃን ሲኖር። የጳውሎስ ሆስፒታል ሐኪሞች የቀረችውን ለማትረፍ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል ብለው ቀጠሮ ሰጧት። እሷ ግን እምቢ አለች። «ሸፍነውት ሲገልጡት ጨለማ ቢሆንስ?» ትላለች። ክረምቱን ስንለምናት ከርመን በመጨረሻ አንድ ነገር ጠየቀችን።

«በልጅነቴ ቤተ መንግሥቱ በር ድረስ ሄጄ ዘበኛ መልሶኛል። የኋላው እልፍኝ መስኮት ሽሮ ሜዳን ቁልቁል ያሳያል ይላሉ። እኔ ዕድሜዬን ከሱቄ በራፍ ሆኜ ወደዚያ ሽቅብ ሳይ ኖርኩ። አንዴ ከዚያ ሆኜ ቤቴን ቁልቁል ልየው። ከዚያ በኋላ የፈለጋችሁትን አድርጉኝ።»

ስለዚህ ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ቅዳሜ ተነሣን።

ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ

ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። የነሐሴ ፀሐይ እንደማትታመን እናውቃለን፤ ቢሆንም ደስ አለን። ሰላም የተቀቀለ ድንችና ዳጣ በሳህን ቋጠረች፤ ዳጣውን አክስቴ ራሷ ነች ያዘጋጀችው፣ እንባ የሚያስወጣ ዓይነት። ጋሽ ሽፈራው ላዳቸውን አስነስተው በር ላይ ጠበቁን።

«ጋሽ ሽፈራው፣ ዳገቱን ትወጣለች ወይስ ወርደን እንገፋለን?» አለች ሰላም።

«አንቺ ዝም ብለሽ ተቀመጪ። ይህቺ ማኪና የሚያስቸግራት ወሬ ነው።»

መንገዱ ከገበያው እንዳለፈ ወዲያው ይቆማል፤ ማለቴ ዳገቱ ቀጥ ይላል። በግራ በቀኝ ባሕር ዛፍ ነው። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ጎንበስ ብለው ቁልቁል ይወርዳሉ፤ ቱታ የለበሱ ሯጮች ሽቅብ ይሮጣሉ። አክስቴ ፊቷን መስታወቱ ላይ አስጠግታ በየመታጠፊያው «አሁን የት ደረስን?» ትላለች። እነግራታለሁ። እሷም ያልኩትን ቦታ እስክታገኘው ድረስ ጭንቅላቷን ቀስ እያደረገች ታዞራለች።

ላይ ስንደርስ ብርዱ ተለየ። አክስቴ ወደ ቲኬቱ ከመሄዳችን በፊት ማርያምን ካልተሳለምኩ አለች። «ንጉሡ ይቆያል» አለችን። ተሳልማ እስክትመለስ ቆምን። ያኔ ፀሐይ ነበረች፤ የእያንዳንዳችን ጥላ መሬት ላይ በደንብ ይታይ ነበር።

ቲኬት መቁረጫው

እዚህ ላይ ዝርዝር እጽፋለሁ፤ ለመሄድ የምታስቡ ይጠቅማችኋል። በዚያ ቀን ምርጫው ሦስት ነበር። ያለ አስጎብኚ የሚገባበት ርካሹ ነው፤ ነገር ግን የሚያስገባው ፊት ለፊት ያለውን አዳራሽ ብቻ ነው። ከአስጎብኚ ጋር ያለው ዋጋው እጥፍ ገደማ ሲሆን ሙዚየሙንና የኋላ ክፍሎቹን ይጨምራል፤ ሆኖም ስድስት ሰው ካልሞላ አይነሣም። ሦስተኛው በመኪና ጫካውንም የሚያዞር ነው፤ ውድ ነው፣ ዓይኑ ለደከመ ሰውም ትርፉ መንገጫገጭ ነው። መታወቂያ መያዝ አትርሱ፤ የካሜራ ለብቻ ይከፈላል፤ ቤት ውስጥ ግን ማናቸውም መብራት፣ የስልክም ቢሆን፣ ክልክል ነው።

«እህቴ፣ የኋላው እልፍኝ ይከፈታል?» አልኳት ቲኬት ሻጯን።

«ከአስጎብኚ ጋር ከሆነ ይከፈታል።»

«መስኮት አለው?»

«ቤት መስኮት ከሌለው ምን ሊሆን ነው?» አለችና ሳቀች።

ሁለተኛውን ቆረጥኩ። የቱ ክፍል ተከፍቶ የቱ እንደሚዘጋ ጠይቄያለሁ፤ የቱ እንደሚቀድም ግን አልጠየቅኩም። አራት ስለነበርን ሁለት ሰው መጠበቅ ነበረብን። ዮናስና ሜሮን እስኪመጡ ድረስ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። በሱሉልታ በኩል፣ ከዛፎቹ ጀርባ፣ ነጭ ነገር ሲነሣ ያየሁት ያኔ ነው።

«ብርሃኑ እየሄደ ነው» አለች አክስቴ። እሷ ጉሙን አላየችውም። ጥላዋን ስትፈልግ ግን አጣችው።

አስጎብኚው ኤርሚያስ ሲመጣ ቤተ መንግሥቱን አስቀድምልን ብዬ ለመንኩት። ትሑት ልጅ ነው፤ ቢሆንም «ወንድሜ፣ በሩ የሚከፈትልን ሙዚየሙ ካለቀ በኋላ ነው። በእኔ እጅ አይደለም» አለ።

ሙዚየሙ ጥሩ ነው። አልባሳት አለ፣ ከበሮ አለ፣ ወንበር አለ። እኔ ግን መስታወቱ ውስጥ ካለው ዕቃ ይልቅ በመስኮት በኩል ያለውን ሰማይ ነበር የማየው። ከዚያ ስንወጣ ቤተ ክርስቲያኑ ከጉልላቱ እስከ ደረጃው ጠፍቷል። ካፊያው ፊታችንን አረጠበው። የባሕር ዛፉ ድምፅ፣ ጠዋት ያለማቋረጥ ሲሰማ የነበረው፣ ጭራሽ የለም። ሜሮን ይህን ያስተዋለች ይመስለኛል፤ የባሏን ክንድ ያዘች።

እልፍኙ

አባባ ተክሌ ጋቢያቸውን ተከናንበው በሩን ከፈቱልንና ደፉ ላይ ተቀመጡ። በኖራ የተለሰነ ወፍራም ግድግዳ፣ ዝቅ ያለ በር። አክስቴ ጫማዋን አወለቀች።

«እማማ፣ እዚህ አይወለቅም፤ ቤተ ክርስቲያን አይደለም» አላት ኤርሚያስ።

«ንጉሥ ቤት በጫማ ይገባል እንዴ?»

ጫማዋን እኔ ያዝኩ። በሌላው እጄ የምሳችን ፌስታል ነበር። ሰላም የእናቷን ቦርሳና የራሷን ጃንጥላ፣ ጋሽ ሽፈራው ምርኩዛቸውንና ባርኔጣቸውን። ይህን የምጽፈው አስቤበት ነው።

መብራት ጠፍቷል። ኤርሚያስ ግድግዳውን በእጃችን እንዳንነካ፣ በአንድ ረድፍ ቀስ ብለን እንድንከተለው ነገረን። እሱ ከፊት፣ ከዚያ ዮናስና ሜሮን፣ ሰላም፣ አክስቴ፣ ጋሽ ሽፈራው፣ መጨረሻ ላይ እኔ። በአዳራሹ ውስጥ ሰው መሆናችን ብቻ ነው የሚለየው፣ ማን ማን እንደሆነ አይታይም። ኤርሚያስ ግብሩ የት ይበላ እንደነበር፣ መኳንንቱ የት ይቀመጡ እንደነበር ያስረዳል፤ ድምፁ ግን ከፊት ሳይሆን ከጎናችን የሚመጣ ይመስላል።

ሁለተኛውን ክፍል አልፈን ሦስተኛው ላይ ስንቆም ሰላም «እማዬ» አለች። መልስ የለም።

«ቤኪ፣ እማዬ አንተ ጋ ናት?»

«ከፊቴ ጋሽ ሽፈራው ናቸው።»

«እኔ ጋ የለችም» አሉ ጋሽ ሽፈራው። «አንቺን ይዛ ሄዳለች ብዬ ነው እኮ።»

ሁላችንም ዝም ስንል ድምፅዋን ሰማነው። ከውስጥ፣ ከግድግዳው ወዲያ፣ ሰው ሲያስረዳት እንደምትመልስ ትናገራለች። «እሺ... እሺ። ቀስ በል። እሺ፣ አየሁት።» የሌላውን ሰው ድምፅ አልሰማሁም። ማናችንም አልሰማንም።

በዚያ በኩል ያለው በር ገርበብ ብሏል። ስገባ አክስቴ በባዶ እግሯ መስኮቱ ፊት ቆማለች። መስኮቱ ሙሉ በሙሉ ነጭ ነው፤ ጉሙ መስታወቱ ላይ ተለጥፏል። ቀኝ እጇ ወደ ፊት ተዘርግቷል፤ አመልካች ጣቷ ቀጥ ብሎ ቁልቁል ይጠቁማል። ክንዷ ግን በራሱ አቅም የተነሣ አይመስልም። አንድ ሰው አንጓዋን ከታች ደግፎ ሲያሳያት እጅ እንደሚላላው ላልቶ ነበር።

«ቤኪ» አለች ሳትዞር፣ «አሁን ልቀቀኝ። ጠግቤ አይቻለሁ።»

እኔ በሩ ላይ ነኝ፤ በአንድ እጄ ጫማዋን፣ በሌላው ፌስታሉን ይዤ። እጇ ቀስ ብሎ ወረደ። አልወደቀም፤ ወረደ።

«ምን አየሽ አማረች?» አሉ ጋሽ ሽፈራው። «እኔ ባለ ሁለት ዓይኑ አፍንጫዬን አጣሁት።»

«ቤቴን ነዋ። ቆርቆሮው ዝጓል እናንተ። ጓዳውን የሸፈንንበት ሰማያዊ ሸራ ተነሥቶ አጥሩ ላይ ወድቋል፤ ጓዳው ዝናብ እየገባው ነው።»

ኤርሚያስ «ይህን በር እኔ አልከፈትኩትም» አለ፣ ዝግ ባለ ድምፅ፣ ለራሱ እንደሚናገር።

ስንወጣ አባባ ተክሌን ስለ በሩ ጠየቅኳቸው። የቁልፋቸውን ዘለላ አገላብጠው አዩ። «ክረምት እንጨቱ ሲያብጥ ራሱን ይለቃል» አሉ።

«ከእኛ ሌላ የገባ ሰው ነበር አባባ?»

«ልጄ፣ እኔ የተሾምኩት በቁልፉ ላይ ነው፤ በሰው ላይ አይደለም።»

ቁልቁል

በመኪናው ውስጥ አክስቴ እንደዚያን ቀን ስትደሰት ለብዙ ጊዜ አይቻት አላውቅም። ድንቹን በዳጣ በላች፤ ጋሽ ሽፈራውን አጉርሳ አስለቀሰቻቸው። «ይህን ዳጣ ሞተሩ ላይ ብትቀቢልኝ ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ እወጣ ነበር» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «በዚያ ጨለማ ባትይዘኝ ኖሮ ወድቄ ነበር። ማክሰኞም ለቀጠሮዬ እንዲሁ እስከ ቀዶ ሕክምናው ክፍል በር ድረስ ያዘኝ፤ እገባለሁ።»

ሰላም ከፊት ወንበር ሆና በኋላ ማሳያው መስታወት አየችኝ። ክረምቱን ስንለምነው የከረምነውን ቃል አሁን ሰጥታናለች። «እሺ» አልኩ።

ቤት ስንደርስ ሰማያዊው ሸራ አጥሩ ላይ ወድቋል። ጎረቤት እንደነገሩን እኛ ከሄድን በኋላ ነፋስ ነው ያወረደው። ጓዳው ረጥቧል። ጋሽ ሽፈራው ሸራውን ለረጅም ጊዜ አዩት፤ ከዚያ መሰላል ሊያመጡ ሄዱ።

ማታ አክስቴን ወደ መኝታዋ ልወስዳት እጇን ያዝኩ። ቆመች። መዳፌን በሁለት እጇ ገልብጣ ዳበሰችው፣ ጨርቅ ስትገዛ እንደምታደርገው፣ በአውራ ጣቷ እያሸች።

«ያንተ አይደለም» አለች።

«እትዬ፣ በርዶኝ ስለነበር ነው።»

«አትዋሸኝ። ያኛው ሰፊ ነው። ሁላችንም በካፊያ ርሰን ሳለ እሱ ደረቅ ነበር። አይቸኩልም።»

በማግሥቱ የሰላምን ያዘች፤ አይደለም። ጋሽ ሽፈራው እየቀለዱ ሁለቱንም እጃቸውን ዘረጉላት፤ አይደለም። ኤርሚያስ ጋ ደወልኩ፤ ከፊት እንደነበረና ማንንም እንዳልያዘ ነገረኝ። አባባ ተክሌ ከደፉ አልተነሡም አለኝ። ከዚያ ወዲህ አክስቴ ያለችው አንድ ነገር ነው፤ «ያ ሰው መጥቶ ይውሰደኝ። ጨለማ ውስጥ ያሳየኝ እሱ ነው። ከእሱ ጋር ከሆነ ሸፍነው ቢገልጡትም አልፈራም። አለዚያ ቀጠሮውን ለሌላ ስጡት።»

ከዚህ ጉዞ የተማርኩትን ልጻፍ። ቲኬት ስትመርጡ ብዙ የሚያሳየውን አትምረጡ፤ አብሯችሁ ያለው ሰው ሊያይ የመጣውን አስቀድሞ የሚያሳየውን ምረጡ፤ የክፍሎቹንም ተራ ጠይቁ። ብርሃን ሲኖር ግቡ። ይህን የጻፍኩት ግን ለዚህ ብቻ አይደለም። ዮናስና ሜሮን፣ አድራሻችሁን አልተቀበልኩም፤ ሐዋሳ ያለ የሚያውቃቸው ካለ ያንብብላቸው። ኤርሚያስ፣ አንተም እንደገና አስብ። በዚያ ክፍል ማን የት እንደቆመ፣ ማን ምን እንደያዘ፣ ማን ከረድፉ ለአፍታም ቢሆን እንደወጣ የምታስታውሱትን ጨምሩልኝ፤ የተሳሳትኩትንም አርሙኝ። እጇን የያዘው ከእናንተ አንዱ ከሆነ ማክሰኞ ጠዋት ጳውሎስ ድረስ ኑልን። እስከ በሩ ብቻ ነው።