ሩጥ ሲሉኝ ወረወርኩ

ለንደን ውስጥ ዌምብሊ እየኖርን ሁለተኛ ደረጃ ስማር፣ የአሜሪካ ፉትቦል የሚያሠለጥነን አስተማሪ ገና ሲያየኝ «ኢትዮጵያዊ አይደለህ? አንተማ ትሮጣለህ!» አለኝ። እኔ የፈለግሁት ግን ኳርተርባክ መሆን ነበር፤ ጨዋታውን የሚመራው፣ ኳሱን ለሌሎቹ የሚወረውረው እሱ ነው። ሩጫ ደግሞ ነፍሴ አትወደውም፤ አውቶቡስ ሊያመልጠኝ ሲል እንኳ አልሮጥም።

ትምህርት እስክጨርስ አስተማሪው ኳስ ይዘው ከሚሮጡት ሯጮች ጋር አሰለፈኝ። እኔም እልህ ያዘኝና ቅዳሜ ቅዳሜ ከአባቴ ጋር መናፈሻ እየሄድኩ መወርወር ተለማመድኩ። አባቴ ጨዋታው እስከ ዛሬ አይገባውም። «በእጅ እየተያዘ ምኑ ነው የእግር ኳስ?» እያለ ይስቃል። ጣቶቹ እስኪያብጡ ግን ይቀልብልኝ ነበር።

በሃያ ሁለት ዓመቴ አንድ የጀርመን ፕሮፌሽናል ቡድን ተጫዋች ሊመርጥ ለንደን መጣ። ፎርሙ ላይ «ኳርተርባክ» ብዬ ሞላሁ። አሠልጣኙ እግሬን እያየ «ከሯጮቹ ጋር ቁም» አለኝ።

«ፎርሙን አንብበው» አልኩትና ሄጄ ወርዋሪዎቹ መሃል ቆምኩ።

የመጀመሪያው ኳሴ መሬት መታ። ከኋላዬ አንዱ ሳቀ፤ ዞሬም አላየሁት። ከዚያ በኋላ የወረወርኩት ሁሉ ከተቀባዩ እጅ ገባ። አሠልጣኙ ደብተሩ ላይ ጻፈ። በሳምንቱ ደወለና «ቦታው ያንተ ነው» አለኝ።

ዘንድሮ ከቡድኑ ጋር ጀርመን ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ለእረፍት ለንደን ስመጣ «በዚህ እግርህ ብትሮጥ ይሻልህ ነበር» የሚለኝ አሁንም አይጠፋም። ይበል።