በር ላይ የሚውል ሰንጢ

የመዝገብ ቤቱ አለቃ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰንጢ ኪሳቸው ከትተው ወደ ሥራ መጥተዋል፤ አንድም ቀን ግን ሰንጢ ይዘው ቢሮ ገብተው አያውቁም። ምክንያቱ እኔ ነኝ። የበሩ ጥበቃ ነኝ፤ ከራሴ በላይ የተሰቀለው ሰሌዳ «ስለት ይዞ መግባት ክልክል ነው» ይላል፤ ሰሌዳው ደግሞ አለቃና ተላላኪ አይለይም። ስለዚህ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ይመጣሉ፣ ሰንጢያቸውን በመስኮቴ ያቀብሉኛል፣ «እንዴት አደርክ» ይሉኛል፣ ይገባሉ። አሥራ አንድ ተኩል ላይ ሲወጡ እመልስላቸዋለሁ።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሰንጢው ፀሐይ ሞቅ ከምትልበት ጀምሮ እስክትበርድ ከእኔ ጋር ነው የሚውለው። ከእሳቸው ጋር የሚሆነው መንገድ ላይና እንቅልፍ ላይ ነው። እኔ ደግሞ ዕቃ ፊቴ ተቀምጦ እጄን አጣጥፌ የምውል ሰው አይደለሁም። የካርቶን ገመድ እቆርጥበታለሁ፣ እርሳስ እቀርጽበታለሁ፣ ብርቱካን እልጥበታለሁ፣ ጫማዬ ሥር የተሰነቀረ ጠጠር እፈለቅቅበታለሁ። ሲዶለዱምም የምስለው እኔ ነኝ፤ የደረጃው ድንጋይ ላይ። አለቃ ሲረከቡኝ አንዳንዴ ስለቱን ወደ አፍንጫቸው ጠጋ ያደርጉታል።

«ዛሬ ሽንኩርት ነበር?» ይላሉ።

«ትንሽ» እላለሁ። ከዚህ በላይ ተነጋግረንበት አናውቅም።

ጸሐፊያቸው እንዳጫወተችኝ፣ እሳቸው ውስጥ ገብተው የታሰረ ፋይል ሊፈቱ ሲሉ እጃቸው ወዲያው ኪሳቸው ይገባል፤ ሰንጢው የለም፤ ገመዱን በጥርሳቸው ይፈቱታል። የፊት ጥርሳቸው የተሸረፈው በዚሁ ነው ትላለች። እኔ ግን እዚያ ውስጥ የለሁበትም። ሰሌዳውን የጻፍኩት እኔ አይደለሁም።

ጡረታቸው ሊደርስ ወር ሲቀረው ያ አሮጌ ሰንጢ እጄ ላይ ተሰበረ። ከብዙ መሳል የተነሳ ስለቱ አልቆ ቅጠል አክሎ ነበር። ምን ብዬ እነግራቸዋለሁ እያልኩ ቀኑን ሙሉ ስባሪውን ሳገጣጥም ዋልኩ። እሳቸው ስባሪውን በመዳፋቸው ተቀበሉና «ብዙ ሠርቷል» ብለው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት መስኮቴ ጋ ሲደርሱ እጃቸውን ኪሳቸው ይከታሉ፣ ባዶውን ያወጡታል፣ ሁለታችንም እናፍራለን።

የመጨረሻው ሳምንት ሰኞ ላይ ግን ሁለት ሰንጢ ይዘው መጡ። አንደኛው የሥራ ባልደረቦቻቸው የገዙላቸው ነው፤ ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ፣ በሆዱ አሥራ አራት ዓይነት ነገር የያዘ። መቀስ አለው፣ መጋዝ አለው፣ ካቻቪቴ አለው፣ የጥፍር ሞረድ ሳይቀር አለው። ሁለተኛዋን የሰጧቸው የሚስታቸው ወንድም ናቸው፤ አናጢ ናቸው። እጀታዋ እንጨት ነው፣ ስለቷ አንድ ብቻ ነው፤ አንገቷ ላይ ያለውን ቀለበት ሲያዞሩት ስለቷ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ጣት ላይ አይታጠፍም።

«ሁለቱንም ይዘህ ቤቴ እንዳትገባ ብላኛለች» አሉኝ ስለ ሚስታቸው። «እውነቷን ነው፤ ኪሴን የምትሰፋው እሷ ናት። አንዱን እመርጥና ሌላውን ለሚሆነው ሰው እሰጣለሁ። እስከ ዓርብ አንተ ጋ ይዋሉና ሞክርልኝ። እኔ መያዙን እንጂ ሌላውን የት አውቄ፤ የሠራህበት አንተ ነህ።»

«ለሚሆነው ሰው» ያሏት ነገር ጆሮዬ ውስጥ ገብታ ቀረች። እኔ ካልሆንኩ ማን ሊሆን ነው? ፋይል ሲፈታ ጥርሱን የሚሸርፍ ሰው ሞልቷል፤ ሰንጢ የሚስል ግን በዚያ ግቢ ከእኔ ሌላ የለም።

ሙከራውን በቅን ልብ ነበር የጀመርኩት። ቀዩን አነሳሁና ብርቱካን ልልጥ ስለቱን ፍለጋ ገባሁ። መጀመሪያ መቀስ ወጣ። ቀጥሎ ቡሽ መንቀያ ወጣ። ቀጥሎ ምን እንደሚሠራ እስከ ዛሬ ያልገባኝ ቆልማማ ነገር ወጣ። ስለቱ ሲገኝ አውራ ጣቴ ላይ ጥፍር አልቀረም፤ ብርቱካኑንም ተናድጄ በእጄ ልጬ በልቼው ነበር። ረቡዕ ደግሞ የዋና ሥራ አስኪያጁ መኪና ድንገት ደረሰ፤ ብድግ ብዬ ሰላምታ ስሰጥ ቡሽ መንቀያው በጣቶቼ መሃል አፍጥጧል። ሰውየው መስታወቱን ዝቅ አድርገው «ምን ልትከፍት ነው?» አሉኝ። በሩን ከፈትኩላቸው።

እንጨቷ ግን ሌላ ነገር ናት። እጄ ውስጥ ስትገባ እዚያው የተወለደች ትመስላለች። ገመዱን ነካ ሳደርጋት ገመዱ ሁለት ሆኗል። የብርቱካኑን ልጣጭ ሳይበጠስ ከላይ እስከ ታች አወረደችልኝ። በሦስት ቀን ውስጥ ለምጄያት ለምጄያት፣ ሐሙስ ከሰዓት ላይ የማስቀምጥበትን ኪስ ሁሉ መርጬ ነበር። እንደዚያ የተመኘሁት ዕቃ በሕይወቴ የለም፤ አልዋሽም።

ኋላ ግን ዋሸሁ።

ዓርብ ጠዋት መስኮቴን ተደግፈው «እህ፣ ምን ትላለህ?» አሉኝ። ይህን ሲሉ ዓይናቸው ቀዩ ላይ ነው። አውራ ጣታቸው ጀርባውን ይደባብሳል። እኔም በሆዴ፣ ሰውየው እዚያው ካዘነበሉ ትንሽ ገፋ ማድረግ ውሸት አይባልም አልኩ።

«ቀዩማ ወደር የለውም» አልኳቸው። «እኔ ብሆን ዓይኔን ሳላሽ ነበር የምወስደው።»

«እንጨቷስ?»

«እሷማ ምኑን ሰንጢ ትባላለች ጋሼ። ቶሎ ትዶለድማለች። ያኛውን ይያዙ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ዋሽቼዎት አውቃለሁ?»

ራሳቸውን ነቅንቀው ሁለቱንም እንደ ደንቡ አስረክበውኝ ገቡ። ያን ቀን ቢሮ ውስጥ የመሸኛ ንግግር ሲደረግ፣ ጭብጨባው እስከ በር ሲሰማ፣ እኔ የእንጨቷን እጀታ በዘይት እወለውል ነበር።

አሥራ አንድ ተኩል ላይ የሃያ ሁለት ዓመት ዕቃቸውን በአንድ ካርቶን ታቅፈው ወጡ። ሁለቱን ሰንጢዎች መስኮቱ ላይ ደረደርኩላቸው። እንጨቷን አንስተው ኪሳቸው ከተቱ። ቀዩን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

«ይሄ ያንተ ነው።»

«ኧረ ጋሼ፣ ተሳሳቱ። እርስዎ የሚይዙት ያን ነው።»

«አልተሳሳትኩም። የተሻለው ሙያውን ለሚያውቅ ነው። እኔ ከእንግዲህ ቤት የምውል ሽማግሌ ነኝ፤ የምትዶለድመው ትበቃኛለች።»

ይህን ብለው ቀዩን አንድ ጊዜ አዩት፤ ቶሎ ብለውም ፊታቸውን አዞሩ። ከልባቸው ፈልገውት እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። የሚወዱትን ለእኔ ትተው፣ እኔ የምወደውን ይዘው፣ ካርቶናቸውን ታቅፈው ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው አቀኑ።

ዝም ማለት እችል ነበር። ትንሽም ሞከርኩ። ቀዩን እያገላበጥኩ መጋዙን አወጣሁት፣ ልመልሰው ብል እምቢ አለኝ። አፈርኩ፤ እንዲህ ያለ ዕፍረት አይቼ አላውቅም። ከዚያ በሩን ወለል አድርጌ ትቼ ሮጥኩ።

መጋዙ እንደወጣ መሆኑን ልብ አላልኩም። ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ስለት ይዞ «ጋሼ፣ ይቁሙ» እያለ ሽማግሌ ሲያሯሩጥ ያየ ሕዝብ ምን እንደሚል እናንተው ገምቱ። አውቶቡስ የሚጠብቀው ሰልፍ ተበተነ። አንድ ትከሻው የበር ስፋት የሚያህል የጭነት ሠራተኛ ከኋላ መጥቶ ኮሌታዬን ጨምድዶ ከመሬት ከፍ አደረገኝ።

«ተወው፣ ጓደኛዬ ነው» አሉ አለቃ።

ሃያ ሁለት ዓመት «እንዴት አደርክ» ተባብለናል እንጂ ጓደኛ ተባብለን አናውቅም ነበር። ሰውየው አለቀቀኝም፤ እኔም እንደተንጠለጠልኩ፣ በሰው ሁሉ ፊት ተናዘዝኩ።

«ጋሼ፣ ዋሽቼዎታለሁ። እንጨቷ አትዶለድምም። ከሁለቱ የምትበልጠው እሷ ናት። እንድትተርፈኝ ብዬ ነው።»

ካርቶኑን መሬት አስቀመጡ።

«አንተ ሰው» አሉኝ ቀስ ብለው። «ፈልጌያታለሁ ብትለኝ እሰጥህ አልነበር?»

ይሰጡኝ ነበር። ምንም ሳያቅማሙ ይሰጡኝ ነበር፤ እኔም ይህን ከማንም በላይ አውቃለሁ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚፈለግብኝ፤ እሱን ላለመናገር ስንት ቃል እንደደረደርኩ ሳስበው ዓይኔ እንባ አቀረረ።

እንጨቷን ከኪሳቸው አወጡና የደረት ኪሴ ውስጥ ጣል አደረጉልኝ። ቀዩን ከእጄ ተቀበሉ። መጋዙን እንዴት እንደሆነ እንጃ አንዴ ጫን ሲያደርጉት እጥፍ አለላቸው፤ ፊታቸው በራ።

የጭነት ሠራተኛው ግራ ገብቶታል። «አባቴ፣ ልልቀቀው ወይስ ልያዘው?» አላቸው።

አለቃ ወደ እኔ ቀና ብለው ትንሽ አሰቡ።

«ጥቂት ያዝልኝ» አሉና ካርቶናቸው ላይ ተቀምጠው መቀሱን፣ ሞረዱን፣ ቡሽ መንቀያውን አንድ በአንድ መክፈት ጀመሩ። አሥራ አራቱም ተከፍተው እስኪያልቁ ኮሌታዬን ተይዤ ቆየሁ፤ ቅር አላለኝም።