የማዳም ሩዝና አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል

ዛሬ ጧት፣ እዚህ መካ፣ ከቤታችን ሥር ካለው ሱቅ የገዛሁትን ዳቦ ስከፍት ላስቲኩ ላይ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል አየሁ፤ ሆልሰም። ይኸውልሽ ልጄ፣ እንግሊዝኛ አላውቅም። ይህችን ቃል ግን አውቃታለሁ።

ጅዳ፣ በግዳዲያ የሚባል ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ሰው ቤት ስሠራ ሃያ ዓመት አልሞላኝም ነበር። የማዳም ልጅ እኩያዬ ነበረች። ከሰዓት በኋላ እኔ አባያ ስተኩስ እሷ ምንጣፉ ላይ ተጋድማ ለፈተና ቃላት ታጠናለች። ክፍሉ የእንፋሎትና የትኩስ ጨርቅ ሽታ ነበረው፤ ኤሲው ያጉረመርማል። ለብቻዋ ማነብነቡ ሲሰለቻት ለእኔ ታስረዳኝ ጀመር።

«ሆልሰም ማለት ለሰው ጤና የሚስማማ ማለት ነው» አለችኝ አንድ ቀን። «ሆል ሙሉ ማለት ነው። ጤና የሚሉበት ቃልም ከዚያው ሥር ነው የበቀለው። ድሮ እንግሊዞች ጤነኛን ሰው ሙሉ፣ ያልጎደለ ይሉት ነበር።»

ወላሂ፣ ቃሉ ልቤ ገባ። እኔ በዚያ ቤት እየጎደልኩ ነበርና። እነሱ ትኩስ ይበላሉ፤ ለእኔ የሚደርሰኝ ፍሪጅ ውስጥ የከረመ ሩዝ ነው። ሁለት ጊዜ አስታውኬ ተኝቻለሁ። ማዳም «ሆድሽ ነው ደካማ» ይሉኝ ነበር።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ሳህኑን ሲገፉልኝ የኮመጠጠ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ በእጃቸው ነው፤ ከፈለጉ በነጋታው አገሬ ይሰዱኛል። ቢሆንም ሳህኑን መልሼ ፊታቸው አስቀመጥኩት።

«ማዳም፣ ይሄ ሆልሰም አይደለም። አልበላም።»

ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ምንድን ነው ያለችው?»

ልጅቱ ቀላች። «ሰውን ያጎድላል ነው ያለችው።»

«ማነው ያስተማራት?»

ዝም ትላለች ብዬ ነበር። «እኔ ነኝ» አለች። ማንኪያ አንስታ ከሩዙ ልትቀምስ ስትል እናቷ እጇን ለቀም አደረጉ።

«ተይ! ያሳምምሻል!»

ሳያስቡት ከአፋቸው አመለጠ። ያን ጊዜ ዓይኔን አልሰበርኩም፤ ቀጥ ብዬ አየኋቸው። ፊታቸውን አዞሩ። «ኸላስ፣ በቃ፣ ከድስቱ አውጪና ብዪ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእነሱ ድስት በላሁ። ልጅቱ ግን ከእኔ ጋር እንዳትቀመጥ ተከለከለች፤ በሯን ዘግታ ታጠና ጀመር። ሳህኑን በመመለሴ ዛሬም አልጸጸትም። የምትቆጨኝ እሷ ናት። ለትምህርት ወደ ሌላ አገር የሄደች ቀን ዕቃ እያጠብኩ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ስሜን ስትጠራ ሰማሁ። እጄን ሳልጠርግ ሮጬ ወጣሁ። ሊፍቱ ወርዶ ነበር።