በጠመኔ የተሰመረው ገጽ

ሰፈሩ «አባ ዝምታ» የሚላቸው ልብስ ሰፊ፣ ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ከ«እሺ» ሌላ ቃል አይወጣቸውም። አብራቸው የምትኖረው የልጃቸው ሚስት ልጅ ልትሆናቸው እየፈለገች እንግዳ ሆና ቀረች። አንድ ቀን የምትወደውን ልብ ወለድ ስፌት መኪናቸው ላይ አኖረችላቸው።

«አባባ፣ ይህን ያንብቡልኝ። ካልጣመዎት የመኪናዋን እግር ይደግፉበት።»

«እሺ።»

በሳምንቱ መለሱላት። ስትገልጠው ደነቃት! ልብስ የሚጠብበትን ቦታ በሚያሰምሩበት ሰማያዊ ጠመኔ፣ ሚስቱ የሞተችበት ገጸ ባሕርይ ረስቶ ሁለት ሻይ የሚቀዳበትን ቦታ አስምረውበታል።

«ምነው፣ አባባ?»

«እኔም እቀዳለሁ፣ ልጄ። አንቺ ሳታዪ እደፋዋለሁ።»

«እኔ እያለሁ ሻይ ይደፋል?»

ሳቁ። ወንበር ስባ አጠገባቸው ስትቀመጥ ስለ ባለቤታቸው ማውራት ጀመሩ፤ ሱሪውን ሊወስድ የመጣ ደንበኛ በሩ ላይ ቆሞ ቢያስል ቢያስል የሚሰማው አጣ።