ጠብቆ ወይስ ላልቶ

ሒሳብ የሚያስተምሩን ጥምጣማቸው የማይዛነፍ ሕንዳዊ ነበሩ፤ «ሰር» እንላቸዋለን። የፑንጃብ ሰው ቢሆኑም ያደጉት የቲቤት ስደተኞች በሰፈሩበት ተራራማ ከተማ ስለነበር የእነሱንም ፊደል ያውቃሉ። እኔ አማርኛ ሳስተምራቸው፣ እሳቸው ሁለቱን ፊደሎች ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ይጽፉልኛል።

የፑንጃቢው ፊደል ገመድ ላይ እንደ ተሰጣ ልብስ ከአንድ መስመር ሥር ይንጠለጠላል። የቲቤቱ በየክፍለ ቃሉ መካከል ነጥብ ጣል ያደርጋል። ቋንቋዎቹ ባይዛመዱም ፊደሎቹ የአንድ አያት ልጆች ናቸው አሉኝ። በፑንጃቢ «ኮራ» ድምፁ ዝቅ ሲል ፈረስ፣ ቀጥ ሲል አለንጋ፣ ከፍ ሲል ለምጻም ነው፤ ሦስቱም አጻጻፋቸው ይለያያል። ቲቤቶች ደግሞ ስምንትን በአምስት ፊደል ይጽፉና «ጌ» ብለው ያልፋሉ።

«ታዲያ የማይነበበው ፊደል ምን ይሠራል?» ብዬ ሳቅሁ።

«ድሮ ይነበብ ነበር። ሲሞት የቃሉን ድምፅ ከፍና ዝቅ አድርጎ ሄደ» አሉኝ። «እናንተስ? ‹አለ› ተናገረ ነው፣ ‹አለ› ይገኛል ነው። አጻጻፉ አንድ! በምን ታውቃላችሁ?»

«እናውቃለና፣ ሰር!» አልኩ፣ አፌን ሞልቼ።

በዚያው ዓመት ወንድሜ ከዚራ በሚባለው ሰፈር ለብሔራዊ ውትድርና ታፈሰ። የገባበት ማሠልጠኛ፣ ሁርሶ፣ ቅርብ ናት፤ ለእኛ ግን ከሰማይ ራቀች። ታኅሣሥ ላይ ስንቅ የሚያመላልስ ሾፌር ብጣሽ የሲጋራ ወረቀት አመጣልን። «እማ፣ ደህና ነኝ። ገና እመጣለሁ» ይላል።

እናቴ ማንበብ የተማረችው በመሠረተ ትምህርት ነው። ከእጄ ነጥቃ ራሷ ፊደል በፊደል አነበበችው፤ «ገና»ን አጥብቃ። በዓሉ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ዶሮ ገዛች፣ አንሶላውን አጠበች፣ ለጎረቤቱ ሁሉ አወራች። እኔ ግን ወረቀቱን ደግሜ አየሁት። ላልቶስ ቢሆን? አንድ ቀን እመጣለሁ ማለቱስ ቢሆን?

ለሰር አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አስተካክለው ደጋግመው አዩት።

«የቱ ነው? ጠብቆ? ላልቶ?»

ያን ቀን ፊደላችንን ጠላሁት።

በገና ዕለት ዶሮው ሳይነካ ቀዘቀዘ። ማምሻውን ያው ሾፌር መጣ፤ ደጃፉ ላይ ቆሞ ቆቡን አወለቀ።

«አቦ እማማ፣ ልጆቹን ወደ ሰሜን ጫኗቸው እኮ። ሳምንት አለፋቸው።»

እናቴ አላለቀሰችም። ወረቀቱን ከጡቷ መሀል አውጥታ እንደገና አነበበችው፤ አሁን አላልታ።

«ልጄስ ልክ ነው የጻፈው» አለች። «ያጠበቅሁት እኔ ነኝ።»

አይደለም ልላት ፈለግሁ፤ በምን አውቄ? ሊያነብልን የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም አልመጣም።