የእኛ ቤት ቀይ መወልወያ

ደርግ ሥልጣን ላይ በነበረበት ዘመን መርሳ ውስጥ መጥረጊያ ሠርቶ የሚያድር ቤተሰብ የእኛ ብቻ ነበር። አያቴ ጀመሩት፣ አባቴ ተከተላቸው፣ እኔ ደግሞ ሳልጠየቅ ተወለድኩበት። መርሳ ያለችበት ሀብሩ የማሽላ አገር ነው። ከተወቃ በኋላ ባዶ የሚቀረውን የማሽላ ራስ አያቴ ከየአውድማው ይለምኑና በሸክም ያመጡታል። ውኃ ነክረው ያለሰልሱታል፣ በቃጫ ጥፍር አድርገው ያስሩታል፣ ጫፉን በማጭድ ያስተካክሉታል። እጀታው አጭር ስለሆነ የጠረገበት ሰው ሁሉ ወገቡን ይዞ ነው ቀና የሚለው።

ወልድያ ስማር አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ከፀጉሬ ላይ ገለባ እየለቀመች፣ “አውድማ ላይ ነው እንዴ የምታድሪው?” ትለኝ ነበር። አባትሽ ምን ይሠራል ብለው ሲጠይቁኝ “ገበሬ ነው” እላለሁ። ገበሬ መሆን በየስብሰባው የሚጨበጨብለት ዘመን ስለነበር ከዚያ በላይ የሚጠይቀኝ አልነበረም።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወደቅሁና ወደ መርሳ ተመለስኩ። ተምሮ የወደቀ ሰው ሳይማር ከቀረው የባሰ አስቸጋሪ መሆኑን ቤተሰቦቼ ያዩት ያኔ ነው። አባቴ ያሠረውን መጥረጊያ አንሥቼ “ጥራት ይጎድለዋል” እላለሁ፤ ራሴ ያሠርኩት ግን አንድ ክፍል ተጠርጎ ሳያልቅ ይበተናል። የሴቶች ማኅበር ለዕደ ጥበብ ሥልጠና ደሴ የሚሄድ ሰው ሲፈልግ አባቴ እኔን ለመላክ የቸኮለው፣ አሁን ሳስበው፣ ጥቂት ሳምንት ዕረፍት ለማግኘት ነው።

ሥልጠናው በአብዛኛው ስብሰባ ነበር። እኔን የማረከኝ ግን በአዳራሹ ኮሪደር ያየሁት ነገር ነው። አንዲት ሴት በረጅም እንጨት ጫፍ ነጭ ክር የተንጠለጠለበት መወልወያ ይዛ ወገቧን ቀጥ አድርጋ ትሄዳለች፤ ከኋላዋ ወለሉ እያበራ ይቀራል። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ መድረክ ላይ የሚባለውን አልሰማሁም።

ቤት እንደገባሁ ለአያቴ፣ “እማማ፣ ከእንግዲህ አንቱ ጎንበስ አይሉም” አልኳቸው።

“ታዲያ እንዴት ልጥረግ?”

“ቆመው።”

“ከቆምኩ መሬቱ አይታየኝም ልጄ፤ ዓይኔ ደክሟል።”

መወልወያ የሚባለውን ነገር በእጄ እያሳየሁ አስረዳኋቸው። አባቴ እስከ መጨረሻው ካዳመጠ በኋላ፣ “የእኛ ቤት ወለል አፈር ነው። ውኃ አፍስሰሽ ስትወለውይው ምን ሊሆን ነው?” አለኝ።

“ምርታችን ለራሳችን ብቻ መሆን የለበትም” አልኩት። ይህችን አረፍተ ነገር ከደሴ ይዣት መጥቼ የምጠቀምበት ቦታ ስፈልግላት ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ወልድያ ካሉት መሥሪያ ቤቶች የአንዱ ንብረት ክፍል ሠራተኛ መጥረጊያ ሊያዝዝ መጣ። ከአዲስ አበባ ትልቅ እንግዳ ስለሚመጣ ግቢው ሁሉ ይጠረጋል። አባቴ ስለ መጥረጊያው እየተነጋገረ ሳለ እኔ ከጓዳ ወጥቼ፣ “መወልወያም እንሠራለን” አልኩ።

ሰውየው ደስ አለው። “እንዲያውም እሱን ያጣነው። የእኛ ወለል ሲሚንቶ ነው” አለ። አባቴ ወደ እኔ ዞሮ አየኝና አንገቱን ደፋ። በእንግዳ ፊት ልጁን የሚያሳፍር ሰው አልነበረም።

እንጨቱን በቀላሉ አገኘሁ፤ ቀጫጭን የባሕር ዛፍ ልጬ በጠርሙስ ስባሪ ፋቅሁት። ክር ግን የለም። ቤት ውስጥ ያለውን ጨርቅ ሁሉ ለብሰነዋል። ወደ ሴቶች ማኅበሯ ሊቀመንበር ሄጄ ባስቸግራት በግምጃ ቤቱ ጥግ አይጥ የበላውን አሮጌ የሰልፍ ጨርቅ አሳየችኝ። በየበዓሉ መፈክር ተጽፎበት በሁለት እንጨት ተወጥሮ የሚያዝ ቀይ ጨርቅ ነው።

“ጽሑፍ የሌለበትን ብቻ ውሰጂ” አለችኝ።

ጽሑፍ የሌለበት ጨርቅ ለሁለት መወልወያ እንኳ አልበቃ አለኝ። የተጻፈበትንም ጨመርኩበት፤ ስስ ስስ አድርጌ ከቀደድኩት ማን ያነበዋል ብዬ። አባቴ የመሠረተ ትምህርት የጨረሰው በቅርቡ ስለነበር ፊደል ያለበትን ነገር ሁሉ፣ የክብሪት ቀፎ ሳይቀር፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ነበር የሚያነበው። ከፊቴ ቁጭ ብሎ ቅዳጆቹን አንድ በአንድ እያነሣ፣ “ና... ሸ... ለ...” ይላል። “አባ፣ ተቆርጧል፤ ምንም አይልም” አልኩት። “ፊደሉማ ፊደል ነው” ብሎ ቀጠለ።

እንግዳው ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው መጥረጊያውንና መወልወያውን በጭነት መኪና ላይ ጭነን ወልድያ ገባን። አባቴ አስረክበን እንመለስ አለ። እኔ ግን አጠቃቀሙን ለሠራተኞቹ ካላሳየሁ ብዬ ሙጭጭ አልኩ። ለዚሁ ብዬ ከደሴ ያመጣሁትን ቀሚስ ለብሻለሁ። ጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲ ውኃ አመጣችልኝ፣ ጸሐፊዎቹ ከየቢሮው ብቅ አሉ። እኔም ስለ ዘመናዊ አሠራር ጥቂት ተናገርኩ። ንግግሬን ከሥራው ያስቀደምኩት መቼም ተመስገን ነው፤ ከሥራው በኋላ የሚሰማኝ አላገኝም ነበር።

መወልወያውን ነክሬ ኮሪደሩን ከጫፍ ጀመርኩት። ወገቤን ቀጥ አድርጌ፣ ፊት ለፊቴን እያየሁ፣ ልክ ደሴ እንዳየኋት ሴት። ወደ ኋላዬ አላየሁም። ኮሪደሩ መሐል ስደርስ ጽዳት ሠራተኛዋ ቀስ ብላ፣ “እታለም፣ እስቲ ዞር በይ” አለችኝ።

ዞር አልኩ። ያለፍኩበት ሁሉ ቀልቷል። በግ አርደው የጎተቱበት ይመስላል። ጨርቁ ቀለም እንደሚለቅ አንዴም አላሰብኩም ነበር። ደንግጬ ውኃ ጨመርኩበት፤ ውኃው ቀዩን ይዞ በየቢሮው በር ሥር ገባ። ጸሐፊዎቹ እግራቸውን ሰበሰቡ።

በዚህ መሐል ኃላፊው ከቢሮው ወጣ። ካኪ የለበሰ፣ ቀጭን፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ወለሉን አየ፣ እኔን አየ።

“ይሄ ምንድን ነው?”

“ጓድ፣ ለእንግዳው ነው” አልኩ። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። “ቀይ እንዲሆን ነው።”

ኃላፊው ወለሉን እንደገና አየ። በዚያ ዘመን በሰው ፊት ቆሞ ቀይ አልወድም የሚል ባለሥልጣን አልነበረም። እኔም ያመለጥኩ መስሎኝ ትንፋሼን መለስኩ። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ ከመወልወያው ተነቅሎ ወለሉ ላይ የተለጠፈ ቅዳጅ በሁለት ጣቱ አነሣ። ነጭ ቀለም አለበት።

“ይሄ ፊደል አይደለም እንዴ?”

እኔ ቅዳጁን እንዳላየ ሆንኩ። አባቴ ግን ከበሩ አጠገብ ሆኖ የሚያውቀውን ሲጠየቅ ደስ አለውና፣ “‘ሸ’ ነው ጓድ” አለ።

ያ ጨርቅ ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ በየዓመቱ ተሸክመውት ዞረዋል። እኔ በመፈክር ወለል የወለወለች ልጅ ምን እንደምትደረግ እያሰብኩ መወልወያውን ከኋላዬ ደበቅሁ። ኃላፊው ግን ግንባሩን ሲያልበው አየሁ። ያዘዘው እሱ ነው፣ መሥሪያ ቤቱም የእሱ ነው፤ ከእኔ ይልቅ የሚፈራው ለራሱ ነበር። ቅዳጇን አጣጥፎ ኪሱ ከተታትና፣ “ማንም ያየው ነገር የለም። በሩን ዝጉ፤ ይታጠብ” አለ።

ጸሐፊዎቹ፣ ዘበኛው፣ ንብረት ክፍሉ፣ ኃላፊው ራሱ ሱሪውን ሰብስቦ፣ ሁላችንም አመድና ሳሙና ይዘን ጎንበስ አልን። መወልወያ የሚነካ ሰው ጠፋ፤ የፈተግነው በአያቴ መጥረጊያ ነው። አባቴ ከጎኔ እየፈተገ በቀስታ፣ “‘ሸ’ አልነበረም እንዴ?” አለኝ። “ነበር” አልኩት። “ታዲያ ምን አጠፋሁ?” አለኝ። ሳቄ መጣ፤ ሳቅሁ እንዳልባል ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ወለሉ ወደ ማምሻው ላይ ሐምራዊ ነገር ሆኖ ቀረ፤ ከዚያ ወዲያ አልነጣ አለ። ቀሚሴም እንደዚያው።

እንግዳው በማግስቱ መጣ። ጽዳት ሠራተኛዋ በኋላ እንደነገረችን፣ ግቢው ውስጥ በተተከለው ድንኳን ጥቂት ተናገረ፣ አምቦ ውኃ ጠጣ፣ መኪናው ውስጥ ገብቶ ሄደ። ኮሪደሩን አልረገጠውም።

እኛ መጥረጊያውን አስረክበን፣ መወልወያዎቹን ተሸክመን መርሳ ተመለስን። እኔ ከእንግዲህ ከቤት አልወጣም ብዬ ተኛሁ። አያቴ ከመደቡ ጫፍ ቁጭ አሉ።

“አብሽሪ ልጄ። እኔ የመጀመሪያዎቹን መጥረጊያዎች ስሠራ ማሽላው በደንብ አልተወቃም ነበር። ግራና የምትኖር ደንበኛዬ ግቢዋን ልትጠርግ ስትጀምር የሰፈሩ ዶሮ ሁሉ መጥረጊያው ላይ ሰፈረባት። ትሮጣለች፣ ዶሮውም ይከተላታል። ሁለት ገበያ ፊቴን ሸፍኜ ነበር የሄድኩት።”

ይህን ለማንም ነግረው አያውቁም ነበር። አባቴ ከደጅ ሆኖ ሰምቶ ኖሮ ሲስቅ ሰማነው።

የኮሪደሩ ወሬ ግን ተዘግቶ አልቀረም። ስለ ፊደሉ ማንም ትንፍሽ ባይልም ወለሉ መቅላቱን ከወልድያ እስከ ግራና ያልሰማ የለም። ገበያ ስወጣ “ቀይዋ መጣች” ይሉኝ ጀመር። እኔ ጥቁር ነኝ፤ ጠይም እንኳ ብሎ የሚያባብለኝ የለም። ነገሩን የሚያውቅ ይስቃል፤ የማያውቅ ደግሞ ስሙን ብቻ ይዞ ይሄዳል።

ስሙን ብቻ ይዘው ከሄዱት አንዷ የሲሪንቃ ሴት ነበሩ። ማሽላ ማሳ ላይ የሚሠራ ልጃቸውን ሊድሩ ሲያስቡ መርሳ መጥረጊያ ሠሪዎቹ ቤት አንዲት ቀይ ልጅ አለች ተብለው፣ አንድ ሽማግሌ አስከትለው መጡ። እኔ የሚጠጣ ውኃ ይዤ ገባሁ። ሴትዮዋ ውኃውን ተቀብለው በትከሻዬ በኩል ወደ በሩ ያያሉ።

“ቀይዋስ የታለች?” አሉ።

“ይችው ናት” አሉ አያቴ።

“ይች?”

“ቀይ ያደረገችው ወለሉን ነው።”

ሴትዮዋ ግራ ገባቸው። አያቴ ታሪኩን ከመጀመሪያው ነገሯቸው፤ ካልነበረውም ጨማመሩበት፤ በእሳቸው አተራረክ ኃላፊው በግንባሩ ተደፋ። እኔ ማሰሮውን እንደያዝኩ ቆሜ መሬት ተከፍታ እንድትውጠኝ እመኛለሁ። ሴትዮዋ መጀመሪያ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ፣ ከዚያ አልችል አሉ፣ የያዙት ውኃ ጭናቸው ላይ ፈሰሰ። ዓይናቸውን ጠርገው ወደ ሽማግሌው ዞሩ።

“የእኔ ልጅ ዝምተኛ ነው። ቤቱ ውስጥ አንድ የሚያስቅ ነገር ይግባለት” አሉ።

እንዲህ ሆኜ ተዳርኩ። ባሌ እውነትም ዝምተኛ ነበር፤ ዛሬም ነው። ሲጠራኝ ግን “ቀዮ” ነው የሚለኝ፣ ሰው ባለበትም ቢሆን። ያን ጊዜ የማያውቀን ሰው እኔን ቀና ብሎ ያየኛል፤ ከዚያ ወደ ባሌ ዞሮ ዓይኑን አተኩሮ ያያል፣ አያይ ይሆን ብሎ ያዝንለታልም።